ፊሊፕ ፒኔልና የሰንሰለቱ ታሪክ

በፓሪስ ከተማ፣ በሳልፔትሪዬር ሆስፒታል መግቢያ አጠገብ፣ በ1885 የተተከለ አንድ የነሐስ ሐውልት ይገኛል። ሐውልቱን የሠራው ሉዶቪክ ዱራን የተባለ ቀራጺ ሲሆን፣ የሚያሳየውም ሰንሰለት በእጁ የያዘ አንድ ሐኪምና ከእግሩ ሥር ያለች አንዲት ሴት ነው። ሐኪሙ ፊሊፕ ፒኔል ነው። ስለ አእምሮ ሕክምና ታሪክ የተጻፉ መጻሕፍት የዚህን ሰው ስም ሳያነሡ አያልፉም። በተለምዶ የሚነገርለትም ታሪክ አጭርና ግልጽ ነው፤ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን አንድ ደግ ሐኪም ወደ እብዶች መኖሪያ ገብቶ፣ በአንዲት ቀን፣ በገዛ ትእዛዙ የታሠሩትን ሁሉ ከሰንሰለት አላቀቀ የሚል ነው።

ይህ ታሪክ የሚያምር ቢሆንም እውነቱን በሙሉ አይናገርም። ፒኔል በእርግጥ ታላቅ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ሰንሰለቱን ከእብዶቹ ላይ በመጀመሪያ ያነሣው እሱ ሳይሆን፣ የሕክምና ትምህርት ያልነበረው፣ በሙያው ቆዳ ፋቂ የነበረ አንድ የክፍል ኃላፊ ነው። ይህንንም ከማንም በፊት በጽሑፍ የመሰከረው ፒኔል ራሱ ነበር። ስለዚህ የዚህ ሐኪም ሕይወት ለሕዝብ የአእምሮ ጤንነት ለደከሙ ሰዎች የሚገባውን ምስጋና በትክክል ለባለቤቱ ማድረስ ምን ያህል አስፈላጊ፣ ምን ያህልም አስቸጋሪ እንደሆነ የሚያስተምር ሕይወት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

ትውልዱና ትምህርቱ

ፊሊፕ ፒኔል ሚያዝያ 20 ቀን 1745 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ዛሬ ታርን ተብሎ በሚጠራው አውራጃ፣ ዦንኪየር በተባለች ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ እንደዚያ ዘመን ልማድ ጢም መላጨትንና ቁስል ማከምን አጣምሮ የያዘ የገጠር ቀዶ ጠጋኝ ነበር። ልጁ ግን በመጀመሪያ የተመረጠለት መንገድ የቤተ ክህነት መንገድ ስለነበረ፣ በላቮር ከተማ በካህናት ትምህርት ቤት ገብቶ የላቲን ቋንቋንና የጥንት ደራስያንን ሥራ ተማረ፤ ከዚያም ወደ ቱሉዝ ሄዶ ትምህርተ መለኮት ማጥናት ጀመረ። በ1770፣ ዕድሜው 25 ዓመት ሲሆን፣ የክህነትን ነገር ትቶ ወደ ሕክምና ትምህርት ተዛወረ። በ1773 መጨረሻ ከቱሉዝ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ። በዚህም ሳይወሰን በሕክምና ትምህርቷ ስመ ጥር ወደ ነበረችው ወደ ሞንፔልዬ ከተማ ተሻግሮ፣ ለአራት ዓመታት ያህል በሆስፒታል ከሕመምተኞች አልጋ አጠገብ እየቆመ ያየውን በማስታወሻ ሲጽፍ ቆየ።

ፒኔል ከሕክምናው ሌላ የሒሳብ ትምህርትን አጥብቆ ይወድ ነበር። በሞንፔልዬም በኋላም በፓሪስ የዕለት እንጀራውን ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ሒሳብ ማስተማር ነበር። የአጥንት ውልቃትን በሚመለከት የጻፋቸው ጥናቶች የሰውን መገጣጠሚያ በመካኒክስ ሕግጋት፣ በኃይልና በክንድ ርዝመት ስሌት ለመግለጽ የሞከሩ ሲሆኑ፣ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ቀርበውለታል። ይህ የመቁጠር፣ የመለካትና የመመዝገብ ልማድ ኋላ በእብዶች መካከል በሠራው ሥራ ላይ ታላቅ ውጤት አስገኝቷል።

አሥራ አምስት የጥበቃ ዓመታት

በ1778 ፒኔል ወደ ፓሪስ ገባ። የፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ በጊዜው በክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲዎች የተመረቁ ሐኪሞች በዋና ከተማዋ ሥራቸውን እንዲያከናውኑ አይፈቅድም ነበር። ይህን ፈቃድ የሚያስገኘውን የፋኩልቲውን ውድድር ቢወዳደርም አልተሳካለትም። ዓይን አፋርና አንደበተ ቀላል ያልነበረ ሰው በመሆኑ በፈታኞች ፊት ዕውቀቱን ማሳየት ይቸግረው እንደነበር ይነገራል። ስለሆነም ለ15 ዓመታት ያህል በትርጉም ሥራ፣ በማስተማርና በጋዜጣ አዘጋጅነት ኖረ። የስኮትላንዳዊውን ሐኪም የዊልያም ከለንን የሕክምና መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉሞ በ1785 አሳተመ፤ የጤና ጋዜጣ የተባለውንም ሳምንታዊ ጽሑፍ ለጥቂት ዓመታት አዘጋጀ።

ወደ አእምሮ ሕክምና የመራው በዚሁ ጊዜ የደረሰበት ኀዘን ነው። አንድ ወጣት ወዳጁ አእምሮው ታውኮ ከቤተ ሰቡ ቤት ወደ ጫካ ሸሸ፤ ከጊዜ በኋላም አስከሬኑ በአራዊት ተበልቶ ተገኘ። ፒኔል ይህን ወዳጁን ለማዳን ሞክሮ አልሆነለትም ነበር። ከዚያ በኋላ ቤሎም የተባለ ባለሀብት በፓሪስ ባቋቋመው የግል መጠለያ ውስጥ ለአምስት ዓመታት ያህል የአእምሮ ሕሙማንን እየተከታተለ አጠና። ይሁን እንጂ የቤቱ ባለቤት ይበልጥ የሚያስበው ለሕሙማኑ መዳን ሳይሆን ከዘመዶቻቸው ለሚሰበስበው ክፍያ ስለነበረ፣ ሐኪሙ ያሰበውን ሕክምና በሙሉ ለመሞከር ዕድል አላገኘም።

አብዮቱ በ1789 ሲፈነዳ የድሮዎቹ ፋኩልቲዎችና ማኅበራት ሥልጣን ተናጋ። ለ15 ዓመታት በር የተዘጋበት ፒኔልም ወዳጆቹ የፓሪስ ሆስፒታሎችን በሚያስተዳድሩት ሰዎች መካከል ቦታ በማግኘታቸው፣ ነሐሴ 25 ቀን 1793 የቢሴትር ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ዕድሜው 48 ዓመት ደርሶ ነበር።

የቢሴትር ግቢ

ቢሴትር ከፓሪስ በስተደቡብ ባለ ኮረብታ ላይ የተሠራ ሰፊ ግቢ ነበር። ሆስፒታል ተብሎ ይጠራ እንጂ በውስጡ ለማኞች፣ አረጋውያን፣ ወላጅ አልባ ልጆች፣ የአባለ ዘር በሽተኞች፣ ወንጀለኞችና እብዶች በሺህ በሚቆጠር ብዛት ተከማችተውበት ነበር። ግቢው በሁለት ነገሮች የታወቀ ነበር። አንደኛው ዠርሜን ቦፍራን የተባለው መሐንዲስ በ1730ዎቹ ዓመታት ያስቆፈረው ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ሲሆን፣ ይህን ድንቅ ሥራ ለማየት ከሩቅ ይመጣ ነበር። ሁለተኛው በመርከብ ቀዘፋና በወደብ ሥራ እንዲቀጡ የተፈረደባቸው ወንጀለኞች በአንገታቸው በአንድ ሰንሰለት ተቀጣጥለው ጉዞ የሚጀምሩበት ስፍራ መሆኑ ነው። እንግዲህ በዚያ ግቢ ሰንሰለት እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ወንጀለኛውም እብዱም በአንድ ዓይነት ብረት ይታሠር ነበር።

እብዶቹ የሚኖሩበት ክፍል ሰባተኛው ክፍል ይባል የነበረ ሲሆን፣ ፒኔል ሲገባ 200 ያህል ወንዶች ነበሩበት። አብዛኞቹ ወደዚህ የሚመጡት በከተማው ታላቅ ሆስፒታል ደማቸው ተደጋግሞ ከተቀዳና ብርቱ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ከተሰጣቸው በኋላ፣ አይድኑም ተብለው ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው አስተሳሰብ እብድ ማለት አእምሮው ጨርሶ የጠፋ፣ ብርድና ረኃብ የማይሰማው፣ ከእንስሳ ብዙም የማይለይ ፍጡር ነው የሚል ስለነበረ፣ በገለባ ላይ አስተኝቶ በብረት ማሠር እንደ ጭካኔ አይታይም ነበር።

ፒኔል በዚህ ክፍል ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞረ፣ ሕሙማኑን በትዕግሥት እያነጋገረ፣ የእያንዳንዱን ጠባይ፣ የበሽታውን አጀማመርና አካሄድ መመዝገብ ጀመረ። ይሁንና ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ያልጠበቀውን ነገር አስተዋለ። ይኸውም ሰባተኛው ክፍል ከሌላው ግቢ ይልቅ ሥርዓት ያለው፣ ንጹሕና ጸጥተኛ መሆኑ ነው። ሐኪሙ ከመምጣቱ በፊት በዚያ ክፍል አንድ ሰው ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ ነበርና።

ዣን ባፕቲስት ፑሳን

ይህ ሰው ዣን ባፕቲስት ፑሳን ይባላል። ከፒኔል ጋር በዕድሜ እኩያ ሲሆን፣ የተወለደው በምሥራቅ ፈረንሳይ በሎን ለ ሶንየ ከተማ ነው። በሙያው ቆዳ ፋቂ ነበረ። በወጣትነቱ የአንገት ዕጢ ነቀርሳ ስለያዘው ታክሞ እንዲድን፣ ካልዳነም እዚያው እንዲኖር ወደ ቢሴትር ተላከ። ከበሽታው በተፈወሰ ጊዜ ግን ግቢውን ትቶ አልሄደም፤ በዚያው ተቀጥሮ በየደረጃው ካገለገለ በኋላ የሰባተኛው ክፍል ኃላፊ ሆነ። ባለቤቱ ማርገሪትም አብራው ትሠራ ነበር።

ፑሳን ራሱ በቢሴትር በሽተኛ ሆኖ የኖረ በመሆኑ፣ በአልጋ ላይ ያለ ሰው ከጠባቂው ምን እንደሚደርስበት ያውቅ ነበር። ስለዚህ በክፍሉ ያወጣው የመጀመሪያው ደንብ ማንኛውም ጠባቂ፣ በሽተኛው ቢመታው እንኳ፣ መልሶ እንዳይመታ የሚከለክል ነው። ይህን ደንብ ለማክበር ፈቃደኛ ያልሆኑትን ጠባቂዎች እያሰናበተ፣ በምትካቸው ከበሽታቸው ያገገሙትን ሕሙማን ይቀጥር ጀመር። እነዚህ ሰዎች ሕመሙን በራሳቸው ላይ ያዩ በመሆናቸው ከሌላው ይበልጥ የሚራሩና የሚታገሡ ሆነው ተገኙ። አንድ በሽተኛ በቁጣ ሲነሣ፣ ኃላፊው ፊት ለፊት ቆሞ በንግግር ሲይዘው፣ ረዳቶቹ ከጎንና ከኋላ ቀርበው ሳይጎዱት እንዲይዙት አሠለጠናቸው። ባልና ሚስቱ ከየማዕዱ የሚተርፈውን ዳቦ እየሰበሰቡ ለተጨማሪ ሾርባ ያውሉት ነበር። ከዚህም ሁሉ በላይ ፑሳን መዝገብ ይይዝ ነበር፤ ከ1784 ጀምሮ በክፍሉ ስንት ሰው እንደገባ፣ ስንት እንደዳነ፣ ስንት እንደሞተ በዓመት በዓመቱ ጽፎ አስቀምጧል።

የፒኔል እውነተኛ ታላቅነት የተገለጠው በዚህ ጊዜ ነው። ከሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የተማረ፣ ግሪክኛና ላቲን የሚያነብ ሐኪም፣ ሹመቱን ይዞ ወደ አንድ ቆዳ ፋቂ ክፍል በገባ ጊዜ፣ ሥልጣኑን በማሳየት ፈንታ አጠገቡ ቆሞ መማርን መረጠ። የፑሳንን አሠራር ቀን በቀን እየተከታተለ ጠየቀ፤ መዝገቡን ተቀብሎ መረመረ፤ የሠመረውን ካልሠመረው ለየ። ታኅሣሥ 11 ቀን 1794 በተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ፊት ያነበበው ስለ እብደት የሚያወሳ ጽሑፍ የዚህ ትብብር የመጀመሪያ ፍሬ ነበር። በዚህም ጽሑፍ እብደት በብዙ ሰዎች ላይ የማይድን እንዳልሆነ፣ አእምሮም በሙሉ እንደማይጠፋ፣ በታወከው አእምሮ ውስጥ ሐኪሙ ሊያነጋግረው የሚችል ጤነኛ ክፍል እንደሚቀር አስረዳ። ደግ አያያዝ፣ ሥራና ሥርዓት ያለው ኑሮ ከደም መቅዳት ይልቅ የሚጠቅሙ መሆናቸውንም አስታወቀ።

አሠራሩ ግን ሁልጊዜ ይሳካ ነበር ማለት አይደለም። በአብዮቱ ሽብር ወቅት ስለ ንጉሡ መገደል ያልታሰበ ቃል በመናገሩ በጊዮቲን እገደላለሁ ብሎ በመፍራት አእምሮው የታወከ አንድ ልብስ ሰፊ ወደ ቢሴትር መጥቶ ነበር። ፒኔል በመጀመሪያ የሕሙማኑን ልብስ እንዲጠግን ሥራ ሰጠው፤ ልብስ ሰፊውም ተሻለው። ፍርሃቱ በተመለሰበት ጊዜ ደግሞ ሦስት ሐኪሞች ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ ከመንግሥት የተላኩ ዳኞች መስለው፣ በሥርዓት መርምረው ነጻ መሆኑን አወጁለት። በሽተኛው ለጊዜው ተረጋጋ፤ ሆኖም አንድ አስተዋይነት የጎደለው ሰው ነገሩ ጨዋታ መሆኑን ስለነገረው ሕመሙ አገረሸበት፤ ከዚያም በኋላ አልዳነም። ፒኔል ይህን ውድቀት ሳይደብቅ በመጽሐፉ ጽፎታል። ፑሳንም ቢሆን ምግብ እምቢ ያለን በሽተኛ በሌሊት ከረዳቶቹ ጋር መጥቶ ሰንሰለት እያንቀጫቀጨ በማስፈራራት እንዲበላ ያደረገበት ጊዜ ነበር። የዛሬ ሐኪም ይህን አይቀበለውም። ሆኖም በዚያ ዘመን በዱላና በማስፈራራት መካከል ያለው ርቀት ራሱ ትልቅ ነበር።

ሰንሰለቱ የተነሣበት ጊዜ

ፒኔል በቢሴትር የቆየው ለ20 ወራት ያህል ብቻ ነው። በ1795 የጸደይ ወራት የሳልፔትሪዬር ዋና ሐኪም ሆኖ ተዛወረ። ቢሴትርን ትቶ ሲሄድ ከሕሙማኑ መካከል በብረት የታሠሩ ገና ነበሩ።

ከእሱ በኋላ የመጣው ጊዜ ለሰባተኛው ክፍል ክፉ ጊዜ ነበር። በአገሪቱ የእህል እጥረት ስለተከሠተ የሕሙማኑ የዳቦ መጠን በየጊዜው ተቀነሰ። በክፍሉ በአብዮቱ አቆጣጠር በሁለተኛው ዓመት ሙሉ፣ ማለትም ከ1793 እስከ 1794፣ የሞቱት 27 ሰዎች ነበሩ፤ በ1796 መጀመሪያ ግን በሁለት ወራት ውስጥ ብቻ 29 ሰዎች ሞቱ። ፒኔል ይህን ቁጥር ከመዝገቡ አውጥቶ በመጽሐፉ በማስገባት፣ ዳቦ የሌለበት ሕክምና ከንቱ መሆኑን አስረዳበት። የማስተዋል ኃይል ያለው ሰው በእጁ የሚገኝ የሁለት ቁጥሮች ንጽጽር ከረጅም ስብከት ይልቅ እንደሚከብድ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በዚህ ሁሉ ችግር መካከል ፑሳን ሥራውን ቀጠለ። በ1797 የግንቦት መጨረሻና የሰኔ ወራት ገደማ በሰባተኛው ክፍል የሰንሰለትን ጥቅም ጨርሶ አስቀረ። ቁጣቸው ለራሳቸውም ለሌላውም የሚያሠጋ ሕሙማንን ለመያዝ ረጅም እጅጌ ያለው፣ ከጠንካራ ሸራ የተሰፋ ልብስ በምትኩ አስገባ። ይህም ልብስ ቢሆን ማሠሪያ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ለብሶት መራመድ፣ አየር መቀበልና ከሰው ጋር መቀላቀል ስለሚቻል፣ በግድግዳ ላይ ከተቸነከረ ብረት ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ይህን የፈጸመው ፒኔል ከግቢው ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ለውጡም በአንድ ቀን ስሜት የመጣ ሳይሆን፣ ጠባቂዎችን በመምረጥ፣ በማሠልጠንና መዝገብ በመያዝ ከአሥር ዓመት በላይ የተዘጋጀ ነበር።

በሳልፔትሪዬር

ሳልፔትሪዬር ስሙን ያገኘው በስፍራው ከነበረ የባሩድ ፋብሪካ ነው። ከ1656 ጀምሮ ድሆች ሴቶች የሚከማቹበት ታላቅ ግቢ ሆኖ ነበር። ፒኔል እዚያ ሲደርስ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ የአእምሮ ሕሙማን ሴቶች በጠባብ ክፍሎች ውስጥ አገኘ። እዚህ ግን የፑሳንን የመሰለ ኃላፊ ስላልነበረ፣ ሐኪሙ ያሰበውን በሙሉ ለመፈጸም አልቻለም። ስለዚህ ለአስተዳደሩ ደጋግሞ አመልክቶ፣ በ1802 ፑሳንና ባለቤቱ ከቢሴትር ወደ ሳልፔትሪዬር እንዲዛወሩ አደረገ። አንድ የታወቀ ፕሮፌሰር ያለ አንድ የክፍል ኃላፊ ሥራዬ አይሟላም ብሎ መጠየቁ በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም።

በ1800 መጨረሻ ያወጣውና በ1809 አስፋፍቶ ያሳተመው ስለ አእምሮ መታወክ የሚናገረው መጽሐፉ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በመላው አውሮፓ ተነበበ። በዚህ መጽሐፍ ፒኔል የፑሳንን ስም በግልጽ ጠቅሶ፣ ብዙውን ነገር ከእሱ የተማረ መሆኑን፣ በቢሴትር የሰንሰለት መነሣትም የእሱ ሥራ መሆኑን ጻፈ። የማርገሪትንም ችሎታ አመሰገነ።

የሒሳብ ፍቅሩም አልተለየውም። በሳልፔትሪዬር ከ1802 እስከ 1805 መጨረሻ የገቡትን 1,002 ሕሙማን ውጤት በየበሽታቸው ዓይነት መድቦ፣ የመዳንን ዕድል በስሌት አውጥቶ በ1807 በፈረንሳይ የሳይንስ ተቋም ፊት አቀረበ። የአእምሮ ሕክምና ውጤት በዚህ ዓይነት በቁጥር ሲመዘን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ቁጥሩን ሊያስገኝ የቻለው ደግሞ በክፍሉ ውስጥ በየዕለቱ የሚያዘው መዝገብ ነው።

በዚህ ጊዜ ፒኔል በዝናው ጫፍ ላይ ነበር። የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመርጦ፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ፕሮፌሰርነትንም ይዞ ነበር። ፑሳን በ1811 ሲሞት ግን የተነሣለት ሐውልት የለም። በእሱ ቦታ የተተካው የፒኔል ደቀ መዝሙር የነበረው ሐኪም ዣን ኤቲዬን ኤስኪሮል ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው የሐኪሞች ሥራ ሆነ፤ ያልተማረው ኃላፊ ያበረከተውም ድርሻ ከመታሰቢያ እየራቀ ሄደ።

የፒኔልም የመጨረሻ ዘመን ምቹ አልነበረም። ንጉሣዊው አገዛዝ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1822 መንግሥት የሕክምናውን ፋኩልቲ ዘግቶ እንደገና ሲያደራጅ፣ በአስተሳሰባቸው ካልታመኑት ፕሮፌሰሮች ጋር አረጋዊው ፒኔልም ከመምህርነቱ ተወገደ። በሳልፔትሪዬር እንደተቀመጠ ጥቅምት 25 ቀን 1826፣ በ81 ዓመቱ ዐረፈ።

ታሪኩ ተረት የሆነበት መንገድ

ፒኔል ከሞተ በኋላ ልጁ ሲፒዮን ፒኔል፣ እሱም ሐኪም የነበረው፣ የአባቱን ታሪክ በአዲስ መልክ ጻፈ። በዚህ ታሪክ መሠረት ሽባ የነበረው የአብዮቱ መሪ ኩቶን በሰው ተሸክሞ ወደ ቢሴትር መጥቶ፣ ሐኪሙ እብዶችን ለመፍታት መፈለጉን አይቶ ይገረማል፤ ፒኔልም በድፍረት መልሶለት ሰንሰለቱን በዚያው ጊዜ ያስፈታል። በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ ግን ይህን አይደግፈውም። ይሁን እንጂ ታሪኩ ለዓይንና ለስሜት የሚመች ስለነበረ፣ በ1849 ሻርል ሉዊ ሙለር፣ በ1876 ደግሞ ቶኒ ሮቤር ፍለሪ በሥዕል ገለጹት። በሁለተኛው ሥዕል ፒኔል መካከል ላይ ቆሞ አንዲት ሴት እጁን ስትስም ይታያል፤ ብረቱን በእጁ የሚፈታው ግን ሌላ ሰው ነው። ተመልካቹ ግን ስሙን የሚያውቀው የቆመውን ነው።

እውነቱ እንደገና ይፋ የሆነው ቆይቶ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት የታሪክ ተመራማሪዎች የድሮውን ተረት ከሰነዶች ጋር አስተያዩ፤ በ1979ም ዶራ ዋይነር የተባሉት የታሪክ ምሁር ፑሳን በ1797 በእጁ የጻፈውን ስለ ሕሙማን አያያዝ የሚተርክ ሪፖርት አሳተሙ። ከዚህ በኋላ ስለ ቢሴትር የሚጻፍ የታሪክ ጥናት ሁለቱን ሰዎች አንድ ላይ ማንሣት ጀመረ።

በዚያው ዘመን በሌሎች አገሮች የተደረገውም ይህንኑ ያጠነክራል። በኢጣልያ በፍሎረንስ ከተማ ቪንቼንሶ ኪያሩጂ የተባለ ሐኪም በ1780ዎቹ መጨረሻ በሚመራው ሆስፒታል ጭካኔን የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ነበር። በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ ደግሞ ኩዌከር የተባለው የሃይማኖት ማኅበር አባላት፣ አንዲት የእምነታቸው ተከታይ በከተማው የእብዶች መጠለያ በ1790 በመሞቷ አዝነው፣ ዊልያም ቱክ በተባለ የሻይና የቡና ነጋዴ መሪነት ገንዘብ አዋጥተው በ1796 የራሳቸውን መጠለያ ከፈቱ። እንግዲህ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ቆዳ ፋቂ፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱም ማኅበር በመሆን፣ እርስ በርስ ሳይመካከሩ ወደ አንድ ዓይነት አሠራር ደርሰዋል።

ከዚህ ሕይወት የሚገኝ ትምህርት

ምስጋናን ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ለምን ጎጂ ይሆናል? ጉዳቱ ለተረሳው ሰው ብቻ አይደለም። ሰንሰለቱ የወደቀው በአንድ ጀግና ድፍረት በአንዲት ቀን ነው ተብሎ ከታመነ፣ ሌሎች ሆስፒታሎች ተመሳሳይ ጀግና እስኪመጣ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። የወደቀው ጠባቂዎችን መርጦ በማሠልጠን፣ ዱላን በደንብ በመከልከል፣ ሾርባን በማብዛትና መዝገብን በመያዝ መሆኑ ከታወቀ ግን፣ ማንም ይህንኑ ሊደግመው ይችላል። ትክክለኛው ምስጋና የአሠራሩን መንገድ አብሮ ያስተላልፋል፤ የተሳሳተው ምስጋና ስሙን ብቻ አስቀርቶ መንገዱን ይሰውራል። በመሐንዲሶችም ዘንድ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። ድልድዩ ሲመረቅ በድንጋዩ ላይ የሚቀረጸው የነዳፊው ስም ነው፤ መሠረቱ በክረምት ጎርፍ ወቅት እንዴት እንደጸና የሚያውቀው ግን ብዙ ጊዜ የሠራተኞቹ አለቃ ነው።

ነገሩ ለሀገራችንም ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርተ ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሺያሊስቶችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በየክፍለ ሀገሩ የተከፈቱትን የሕክምና ክፍሎች በአብዛኛው የተሸከሙት ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ነርሶች ነበሩ። ሕክምና በማይደረስበት ገጠር ደግሞ ቤተ ሰብ ሕመምተኛውን የሚያሥረው ብዙውን ጊዜ ከጭካኔ ሳይሆን ሌላ መንገድ በማጣት ነው። እንዲህ ያለውን ቤተ ሰብ ከሕክምና ጋር የሚያገናኘው የጤና ሠራተኛ፣ ልጇን ለዓመታት የምታስታምመው እናት፣ ያገገመውን ሰው ሥራ የሚያስገባው አሠሪ ከፑሳን ወገን ናቸው።

በመሆኑም ለሕዝብ የአእምሮ ጤንነት የደከሙትን ለማክበር የሚነሣ ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት፣ ከመጽሐፉ ደራሲና ከአዳራሹ ተናጋሪ አልፎ ወደ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ፣ መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው፣ ሕሙማኑ ስሙን የሚጠሩትስ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በዚህ ረገድ ፒኔል ራሱ መልካም ምሳሌ ነው። ዝናው በመላው አውሮፓ በተሰማበት ሰዓት፣ ያገኘውን ዕውቀት ከማን እንዳገኘው በመጽሐፉ ጽፎ ለትውልድ አስተላልፏል። ትውልዱ ለመቶ ሃምሳ ዓመታት ያህል ይህን ገጽ ሳያስተውል ማለፉ የጸሐፊው ጥፋት አልነበረም።